አንድ እርምጃ ወደ ግራ

ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ቀና በል» ይለዋል። ፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ፣ ዳኛ ሆነ ተከሳሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲናገር የኖረው ይህችኑ ሁለት ቃል ነውና። ለሴት «ቀና በይ»፣ ለትልቅ ሰው «ቀና ይበሉ»፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት ትከሻቸውን አስተካክለው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው እንደ ሐውልት ቆመው ያሳልፉታል። እሱም ይስቃል። ሳቁ ግን አፉ ላይ ይቀራል እንጂ ዓይኑ ድረስ አይደርስም።

እኔ የምኖረው ከፎቶ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የደንበኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ የማሳልፈው ሰዓት ቤቴ ውስጥ ከማሳልፈው ይበልጣል። የምጽፈውም ከዚያ ሆኜ ያየሁትንና እሱ ራሱ በኋላ፣ ቀስ እያለ፣ የነገረኝን ነው። ነገሩ የሆነው ስልክ ሁሉ ካሜራ ከመሆኑ በፊት ነበር።

ክፍሏ በርዝመት ስድስት፣ በወርድ አራት እርምጃ ብትሆን ነው። በአንዱ ጫፍ ነጭ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ፊት ወለሉ ላይ በአራት ብሎን የተቸነከረ ወንበር። በሌላው ጫፍ ካሜራው። ካሜራው የቆመበት ብረት እግሩ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሯል። ካሜራው ራሱ ደግሞ በተበየደ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ከፊት ሌንሱ፣ ከኋላ ዓይን ማስጠጊያው፣ ከላይ መጫኛው ብቻ ነው የሚታየው። ቁልፉ የቤቱ ባለቤት በሆኑት በአማቱ አንገት ላይ በገመድ ታስሯል። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋትና ፊልም ባለቀ ቁጥር ሳጥኑን ከፍተው ያለቀውን ለእሱ ያቀብላሉ፣ አዲስ ያጎርሳሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ከጎኔ መጥተው ይቀመጣሉ።

ይህ ሁሉ ብረት ያለ ምክንያት አልመጣም። ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን አርባ ጉርድ ፎቶ መለሰባቸው። የግማሹ ጭንቅላት ተለቅ፣ የግማሹ አነስ ብሎ ነበር። ሽማግሌው ያን ቀን እህል አልቀመሱም። በማግሥቱ ሲሚንቶ ገዙ። ከዚያ ወዲህ «ከዚህ ቤት ወጥቶ የተመለሰ ፎቶ የለም» ይላሉ፤ ደግሞም እውነት ነው። ሕጋቸው አጭር ነበረች፦ ፊት መሐል ይሁን፣ ጥላ አይኑር፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ።

መስታወቱ አጠገብ በክር የታሰረች ማበጠሪያ አለች። ከሷ ጎን፣ ኮት ሳይለብስ ለመጣ የምትሆን አንዲት ጥቁር ኮት ተሰቅላለች። ሰፊ ለሆነችበት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ትያዛለች፤ ለጠበበችበት ሳትቆለፍ ትቀራለች። የመጋዘን ዘበኛውም ሥራ አስኪያጁም መታወቂያቸው ላይ የለበሱት ያችኑ ኮት ነው። የሰው ልጅ እኩልነት ሲሰበክ በወጣትነቴ ብዙ ሰምቻለሁ። ሲፈጸም ያየሁት ግን እዚያ ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ጨለማው ክፍል አለ። እሱ የሚስቱ ነው። በቆርቆሮ ሣጥን የተጠራቀመውን ፊልም ይዛ ትገባለች፣ ታጥባለች፣ ታትማለች፣ ታደርቃለች። ከዚያ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ቁጭ ብላ አራት አራት አድርጋ ትቆርጣለች። ደንበኞች «ባለመቀሷ» ይሏታል። ንግግሯ ቁጥብ ነው። አንዴ ግን፣ ሲያስቸግር የኖረ አንድ ጎረምሳ ፎቶውን አይቶ «ይሄ እኔን አይመስልም» ቢላት፣ ቀና ብላ አየችውና «እንግዲህ አንተ ምሰለዋ» አለችው።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት አራት ጉርድ ልትነሳ መጥታ ቅጿን አግዳሚው ላይ ረስታ ወጣች። ቀና በል ሊያስቀምጥላት አንስቶ አነበበው፤ የፈጠራ ፎቶግራፍ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ነበር። ስትመለስ ስለ ትምህርቱ ጠየቃት። የራስን ዓይን ማግኘት የሚማሩበት ነው አለችው። እሱ ዓይን ማለት ሰው ያለው ወይም የጠፋበት ነገር እንጂ የሚፈለግ ነገር መሆኑን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ አልተወውም። በሰባተኛው ቀን፣ ከመጫኛው ላይ ረጅም ሽቦ ስቦ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ለመመዝገቢያው የራሱን ጉርድ ራሱ አነሳ።

አማቱ አልተቆጡም። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለው» አሉ፤ ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው ቀዝቃዛ ስለሆነ መሄድ ይችላል ብለው ፈቀዱ። የሚስቱ መቀስ ብቻ አንድ አፍታ ቆመ።

ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ካሜራ ለዓመት ያውሳል። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ስም ያልተጻፈባት አንዲት ፎቶ ያቀርባል፤ አንዲት ብቻ። ያለፈ ካሜራውን እንደያዘ ሁለት ዓመት ይቀጥላል፤ ከከተማ ከተማ እየተላከ ያነሳል። የወደቀ ካሜራውን መልሶ ይሰናበታል። ለሌሎቹ ይህ ፈተና ነበር። ለእሱ በር ነበር። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሌላ በር እንደማይከፈትለት ያውቃል።

ካሜራውን ይዞ መጀመሪያ የወጣ ቀን የሆነውን ሲነግረኝ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አንድ ተሸካሚ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሸክሙን ሳያወርድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ፊቱ ላይ የቀኑ ድካም በሙሉ አለ። ቀና በል ካሜራውን አነጣጠረና አፉ ቀደመው፦ «ቀና ይበሉ።» ሰውየው ነቃ። ሸክሙን አወረደ፣ ላቡን ጠረገ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ሁለቱን ጆሮዎቹን አሳይቶ ቆመ። ፎቶው ከተነሳ በኋላም አራቱ መቼ እንደሚደርሱለት ጠየቀ።

እንዲህ ሆኖ ወራቱ አለፉ። ዛፍ ቢያነሳ ዛፉ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ድመት ቢያነሳ ድመቷ መንጃ ፈቃድ የምታወጣ ትመስላለች። ጥላ ሲያይ አያስችለውም፤ ብርሃን የሚመልስለት ነጭ ካርቶን በብብቱ ይዞ እስከ መዞር ደረሰ። መምህርቷ ከእሱ በብዙ የምታንስ፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችና ጥላውን ማን ሰረቀው ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ «ጋሼ ጉርድ» አሉት።

ሌላ ቀን ስም የሌላቸው ፎቶዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የማን እንደሆኑ ገምቱ ተባለ። በሌላው ሁሉ ሲከራከሩ የሱን በአንድ አፍ ለዩት። መምህርቷም የራስ ዓይን ማለት ይህ ከሆነ ከሁላችሁ በፊት ያገኙት እሳቸው ናቸው ብላ ቀለደች። እሱ ግን ይህን እንደ ቀልድ አልወሰደውም። ማታ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ዓይኔን ከዚያ ብረት ጋር አብረው የቀበሩት ይመስለኛል» አለኝ። እኔም ከመጻሕፍት የለቃቀምኩትን ነገርኩት፤ ልማድ ሁለተኛ ቆዳ ነው ምናምን። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የታሰረ ሰው ከሩቅ በአረማመዱ ይለያል፤ ያ አረማመድ የእሱ ነው ወይስ የሰንሰለቱ? ይህን ነበር የሚጠይቀኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ዛሬም አላውቀውም።

ለማቅረቢያው ሦስት ሳምንት ሲቀር መምህርቷ ለብቻው ጠራችው። «መንገድ ለመንገድ አይዙሩ» አለችው። «በየቀኑ የሚያዩትን ሰው ያንሱ። እርስዎ እንደሚያዩት።»

በየቀኑ የሚያያት ሚስቱን ነው። ግን እሷን ማንሳት ሐውልት ከማንሳት አይለይም ነበር። ስትቆርጥ ካሜራውን ቢያነሳባት ትከሻዋ ይስተካከላል፣ ጸጉሯ ወደ ጆሮዋ ኋላ ይሄዳል፣ አፏ ይገጠማል። ልብስ ስታጥብ ሞከረ፣ ጫማ ስታስር ሞከረ፤ ያው ነው። «አንሳኝ አልልህም፣ አታንሳኝም አልልህም» አለችው በመጨረሻ። «ካሜራ ሳይ አንገቴ በራሱ ይቀናል። የአባባ ልጅ ነኝ እኮ።»

ማቅረቢያው ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የፎቶ ወረቀት ሊገዛ ወጣ፤ ሲመለስ ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ መኪና እስኪያልፍለት ቆመ። ካሜራው አንገቱ ላይ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ መስኮቱን በአግድም ትመታዋለች።

መስኮቱ ላይ የናሙና ፎቶዎች በረድፍ ተለጥፈዋል። ስልሳ የሚሆን ሰው ያችኑ ኮት ለብሶ፣ ቀና ብሎ፣ መቶ ሃያ ጆሮውን እያሳየ ወደ መንገዱ ያያል። በረድፎቹ መሐል የጎደለ ቦታ አለ። በዚያ ክፍተት የሚስቱ ፊት ይታያል። መቀሱ እጇ ላይ ነው፣ ግን አይቆርጥም። አንገቷ ወደ አንድ ጎን ተሰብሯል። ግማሽ ፊቷን ጥላ ውጦታል፤ አንድ ጆሮዋ ብቻ ነው ያለው። የምታየው የተቆረጡትን ፎቶዎች አይደለም፣ መንገዱንም አይደለም። ጡቡን ቆጥሮ የጨረሰ እስረኛ ግድግዳውን እንደሚያይ ነው የምታየው። ስልሳው ቀና ብሎ እሷ ብቻ አቀርቅራለች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ዝም አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነ።

መንገዱን ተሻግሮ ሲገባ ልቡ ይመታ እንደነበር ነግሮኛል። ግን ወንበሩ ላይ ደንበኛ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፣ ሌላ ሁለት ሰው ቆሟል፣ አማቱ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ፊልሙን ጠቅልሎ ከአንገቱ ካሜራ አወጣ፣ ለሥራው እጁን ነፃ ማድረግ ነበረበትና፣ እጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚያውቀውን መንገድ ሄደ። ፊልሙን የቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ከቀኑ ፊልሞች ጋር ጣለው። ነገሩ የገባው ሁለተኛውን ሰው «ቀና ይበሉ» ሲል ነው። ዘወር ሲል ሣጥኑ ከቦታው የለም፤ የጨለማው ክፍል መጋረጃ ተዘግቶ ከሥሩ ቀይ ብርሃን ይታያል።

እኔ ያን ቀን አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ሰውየው ድንገት ላብ በላብ ሲሆን አይቼ የታመመ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መጋረጃውን መግለጥ አይችልም፤ ቢገልጠው ብርሃን ይገባል፣ የቀኑ ሥራ ሁሉ ይቃጠላል። የሠላሳ ሰው ፊት። ስለዚህ ቆመ። የገባውን ሰው ሁሉ እያነሳ፣ የእሷን እጅ በሐሳቡ እየተከተለ ቆመ፦ አሁን አጠበች፣ አሁን አደረቀች፣ አሁን ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከረች። አማቱ «ዛሬ ይህች ልጅ ምን ነክቷት ነው የቆየችው?» አሉ።

በመጨረሻ ከውስጥ፣ በዝግታ፣ «ግባ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሲገባ ፎቶዋ ሳሕኑ ውስጥ ነበረች። እሷ ሁለት እጇን ሳሕኑ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ቁልቁል ታያለች። የራሷ ፊት ከነጩ ወረቀት ላይ ቀስ በቀስ ሲወጣ ቆማ አይታለች ማለት ነው። ሊናገር ነበር። እሷ ቀደመችው።

«አንድ እርምጃ ወደ ግራ መቆም ነበረብህ።»

እሱ አልገባውም።

«እዚህ ጋ እየው» አለችው በጣቷ። «የራስህ ምስል መስታወቱ ላይ ወድቋል። እጄን የሸፈንከው አንተ ነህ። መቀሱ አይታይም። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትል ኖሮ አንተ ትወጣ ነበር፣ መቀሱ ይገባ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው። ካሜራ የያዘ ሰው፣ እንደ ጭስ የሳሳ፣ እጇ ላይ ቆሟል። ከየት አወቅሽው ሲል ጠየቃት። ያኔ ነው የነገረችው። እሱ ወደዚህ ቤት ሳይመጣ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ ለአንድ ወር ታመው ተኝተው ነበር። ፎቶ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ከሥራ በኋላ ካሜራውን ይዛ መንገድ ትወጣለች፤ ያኔ ካሜራው አልታሰረም። አባቷ ሲድኑ ፎቶዎቿን በሙሉ አዩ፤ «ጎበዝ» አሏት። የጉርዶቹን ለየደንበኛው ሰጡ፣ የመንገዶቹን የት እንዳደረሷቸው አልጠየቀችም። አርባው ፎቶ የተመለሰው፣ ካሜራውም የታሰረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ባል ሲመጣ ደግሞ ለባሏ ካሜራውን፣ ለእሷ መቀሱን ሰጡ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም» አላት።

«አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዓይንም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛትን ሴት ለማየት መንገድ መሻገር ነበረበት፤ ከመንገዱ ማዶም ሆኖ ያየው ግማሿን ነው፤ ግማሿን ራሱ ሸፍኗል።

ቅዳሜ ላቅርባት ወይ ብሎ ጠየቃት። ፎቶዋ ከዓመቱ ሥራው ሁሉ በሕይወት ያለች አንዲቷ እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ወረቀቱን ከሳሕኑ አውጥታ ውሃውን አንጠባጠበች።

«ይሄን ሰው ሲያይ አንተን ጎበዝ ይልሃል» አለች። «እኔን ምን ይለኛል?»

ከልክላው አልወጣችም፤ ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። ፎቶዋን በመቆንጠጫ ሰቅላ፣ የቀሩትን ይዛ ልትቆርጥ ወጣች። መወሰኑን ለእሱ ተወችለት። ከመከልከል የሚከብድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ቅዳሜ በፖስታ አሽጎ በደረት ኪሱ ይዟት ሄደ። ተማሪዎቹ በተራ እየገቡ አንድ አንድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀምጠው ይወጣሉ። የሱ ተራ ሲደርስ መምህርቷ እጇን ዘረጋች። እሱ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። ፎቶውስ አለችው። አለ፣ ግን የማሳየው እኔ አይደለሁም አላት። መምህርቷ ሳትቆጣ፣ እንዲያውም ያዘነች መስላ፣ «ያልታየ ፎቶ አልተነሳም» አለችው።

በደረቱ ላይ ፖስታው ይሰማው ነበር። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የፖስታውን ጠርዝ ነካ። ከዚያ እጁን ባዶውን አወጣና ተሰናብቷት ወጣ።

ይህን ጨዋነት የሚሉ አሉ። ፍርሃት የሚሉም ይኖራሉ፤ ሰው አንዳንዴ የበሩን መከፈት ከመዘጋቱ ይልቅ ይፈራዋል። እኔ ብዙ አስቤበት የደረስኩበት ይህን ያህል ነው፦ አይቷታል። ያየ ሰው ደግሞ ያያትን ይዞ በበሩ ሊወጣ፣ እሷን እዚያው መስኮቱ ሥር ትቷት ሊሄድ አልቻለም። ዓይን አገኘ፤ ዓይኑ ያሳየው ግን እስር ቤቱን ነው። ቀድሞ በማያየው እስር ቤት ይኖር ነበር፤ አሁን በሚያየው ይኖራል። ይህን ትምህርት የሚሉት ከሆነ እሱ ከተማሪዎቹ ሁሉ አንደኛ ነው የወጣው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ደንበኛ አልነበረም። አማቱ አግዳሚው ላይ ጎኔ ግድግዳ ተደግፈው አንቀላፍተዋል። ቀና በል ከካሜራው ኋላ ወጥቶ ወደ ሚስቱ ሄደ፣ መቀሱን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አንቺ አንሺ» አላት።

እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ጋዜጣዬን አየሁ። ተነሳች። እሱ የመንጃ ፈቃዱ ማሳደሻ ደርሶ ነበርና ጥቁሯን ኮት ከችንካሯ አውርዶ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሷ ዓይኗን አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ቀና አላለም፤ እንደ ተቀመጠ፣ ትከሻው እንደ ወደቀ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አድርጎ ቆየ።

ከዚያ ቀኝ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ወደ ግራ ገፋችው። ትንሽ ቆይታ በሁለት እጇ ገፋችው። በትከሻዋም ሞከረች።

«አይሄድም» አለች።

«ወንበሩም አይዞርም» አላት እሱ።

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ምን ሊያደርጉ? ቁልፉ ከእኔ በክንድ ርቀት፣ ከሽማግሌው ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። አልዘረጋሁም። እሷም አየችው፣ እሱም አየው። ሦስታችንም አልነካነውም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ሁለቱም ጆሮ ይታይ» አሉ።

ልጃቸው ዓይኗን መልሳ አስጠጋች። ጣቷ መጫኛው ላይ ትንሽ ቆየ።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። ተጫነች።

ያቺኛዋ ፎቶ ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ከወረቀት ካርቶኖቹ ሥር፣ በፖስታዋ እንዳለች ናት፤ እኔ አላየኋትም፤ የጻፍኩት እሱ የነገረኝን ነው። ይቺኛዋን ግን አይቻታለሁ። እሷው አጥባ፣ እሷው አትማ፣ እሷው አራት አድርጋ ቆረጠቻት። ፊቱ መሐል ላይ ነው። ጥላ የለም። ሁለቱም ጆሮ ይታያል። መሥሪያ ቤቱ አልመለሳትም።